ጠይቁን፦ ቃላት እንዴት ይለቀማሉ?

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የአገሩን መዝገበ ቃላት የጻፈ ኖርዌጂያዊ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (መምህር፣ ከሰንዳፋ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ኢቫር ኦሰን ይባላል። (ከዚህ በታች የኖርዌይ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1813 በምዕራብ ኖርዌይ፣ ኧርስታ በተባለ ገጠር ከድሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። እናቱ በ3 ዓመቱ፣ አባቱ በ13 ዓመቱ ሞቱበት። በ18 ዓመቱ እንደ እርስዎ መምህር ሆነ፤ ከመንደር መንደር እየዞረ የገበሬ ልጆችን ያስተምር ነበር። ላቲንና ሰዋስው ከመጽሐፍ በራሱ ተማረ። ዕፅዋትም እየለቀመ፣ እያደረቀ በየወገናቸው ይመድብ ነበር፤ ቃላትን የለቀመበት ዘዴ ከዚያ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

ኖርዌይ ከዴንማርክ ጋር የነበራት አንድነት ያበቃው በ1814 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚጻፈው ዴንማርክኛ ነበር፤ ገበሬው የሚናገረው ግን በየሸለቆው ሌላ ነው። ኦሰን የትውልድ ቀዬውን ንግግር ሰዋስው ጽፎ በ1841 በርገን ላሉት ጳጳስ ያኮብ ኖይማን አሳየ። ጳጳሱ ወደዱት፤ ትሮንድሃይም ያለው የንጉሣዊው ሳይንስ ማኅበርም የጉዞ ገንዘብ ሰጠው። ከ1842 እስከ 1846 ገጠር ለገጠር ዞሮ ለቀመ። ሰዋስዉ በ1848፣ 25 ሺህ ያህል ቃላት ያሉት መዝገበ ቃላት በ1850 ታተመ። በዚያ ላይ ገንብቶ ዛሬ ኒኖሽክ የሚባለውን የጽሑፍ ቋንቋ አቆመ፤ የአገሩ ፓርላማም በ1885 ከሌላው የጽሑፍ ቋንቋ እኩል አደረገው። ኦሰን በ1896 አረፈ።

ጥያቄ፦ የሱሉልታን የሣርና የወተት ሥራ ቃላት ከሽማግሌዎች መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ደብተሬ ሞላ፤ አሁን ግን የጻፍኩትን ማግኘት አቃተኝ። ምን ላድርግ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ደብተሩን ይተዉት። ኤ4 ወረቀት ለአራት ይቁረጡ፤ ጠንከር ያለ ወረቀት ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጻፉ። ሁለት ከጻፉ ካርዱን በተራ ማስቀመጥ አይችሉም፤ የደብተሩም ችግር ይኸው ነው። አንድ የተሟላ ካርድ ይህን ይመስላል፦

እንገር (ስም)። ላም እንደ ወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠው ወፍራም፣ ቢጫማ ወተት። «ትናንት ነው የወለደችው፤ እንገሩ ገና አልጠራም።» ሱሉልታ፤ ሴት፣ 60 ዓመት ገደማ፣ ላም አርቢ። ከግርጌው ቀን።

ከሁሉም የሚበልጠው በጥቅስ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ፍቺው ከተሳሳተ ከዓረፍተ ነገሩ ይታረማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ከሌለ ግን ሰውየውን እንደገና መፈለግ ነው። ቦታውንም አይዝለሉ፤ የ1850ው የኦሰን መዝገበ ቃላት ዛሬም ለተመራማሪ የሚጠቅመው ቃሉ የት እንደተሰማ ስለሚናገር ነው።

ሲጠይቁ «ይኼ ምን ይባላል?» አይበሉ። ሰው እንደዚያ ሲጠየቅ የከተማ ወይም የመጽሐፍ አማርኛ ፈልጎ ይሰጣል። «እማማ፣ ከታለበ በኋላስ ምን ያደርጉታል?» ብለው ሥራውን ያስተርኩ፤ ቃሉ ራሱ ይወጣል። በስልክ መቅዳት በፈቃድ ነው፤ በዚያው ምሽት ወደ ካርድ ይገልብጡት። ቃሉን ከሌላ መንደር የመጣ፣ የማይዛመድ ሰው እስኪናገረው ድረስ ጥግ ላይ «1 ሰው» ብለው ይተዉት።

በአደራደሩ ላይ ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ። ሥራን በ«ሥ»ም በ«ስ»ም ከጻፉ ሁለት ቦታ ይበተናል፤ ለአደራደር ብቻ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ ይቁጠሩ። ፊደላችን መጥበቅ መላላቱን አያሳይም፤ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ እንዲለይ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ። ግሱን በሩቅ ወንድ ኃላፊ ጊዜ ያስገቡ፦ ተናጠና መናጫ ከ«ናጠ» ሥር ይግቡ፤ በ«ተ»ና በ«መ» ተራ ደግሞ «ናጠን ይመልከቱ» ብቻ የሚል፣ ፍቺ የሌለው ካርድ ያኑሩ። ተራውን ሀለሐመ ቢያደርጉት ይሻላል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በአበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ በሚለው ተራ) ስለሆነ ብዙ ሰው ቃል አጥቶ ይዘጋዋል፤ ሀብቱ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ጥያቄ፦ ሰበታ የምሰማው አማርኛ ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው። ኦሰን ባዕድ ቃላትን አጥርቷል ይባላል፤ እኔስ ላጥራ? (ከሰበታ)

መልስ፦ አያጥሩ። ኦሰን በሐንዛ (በመካከለኛው ዘመን የነበረ የጀርመን ነጋዴዎች ማኅበር) ነጋዴዎችና በዴንማርክኛ በኩል ከጀርመን የገቡ ብዙ ቃላትን፣ በተለይ በ«አን» እና በ«በ» የሚጀምሩትን ገፍቷል። የ1873ቱ መዝገበ ቃላቱ ከመጀመሪያው ይበልጥ መልካም ቃል መራጭ ነው። ከተገፉት ግን ሰው መናገሩን ስላልተወ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው ገቡ። መልቀምና መምረጥ ሁለት ሥራ ናቸው፤ እርስዎ ገና በመጀመሪያው ላይ ነዎት። ሰው ገበያ ላይ አማርኛ ሲናገር የተጠቀመበትን ቃል ሁሉ ይጻፉ። «ከኦሮምኛ» የሚለውን ምልክት ግን ኦሮምኛ አፍ የፈታ ሰው ሳይጠይቁ አያስቀምጡ፤ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሄደም አለና በግምት የተጻፈ ምንጭ ቢከፋ እንጂ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ስንት ዓመት ይፈጃል? (ከዚያው ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሁሉን ልሰብስብ ካሉ ዕድሜዎ አይበቃም። «ኖሽክ ኦርድቦክ» የተባለው ትልቁ የኒኖሽክ መዝገበ ቃላት በ1930 ተጀምሮ 12ኛው ቅጽ የወጣው በ2016 ነው፤ ያውም በተቋም አቅም። እርስዎ ወተቱን ብቻ ይያዙ፤ ድርቆሹና መንሹ ሌላ ሣጥን ይሁን። ካርዶቹን በየወሩ በስልክ እያነሱ ቅጂውን ሌላ ሰው ቤት ያስቀምጡ። የጫማ ካርቶን ከሆነ መሬት ላይ አይተዉት፤ በክረምት ከታች ይረጥባል፣ ምስጥም ይገባበታል።