ከጎተራው ጀርባ የቀረው የሄሊኮፕተር ማረፊያ፦ ጠይቁኝ

ቨርጂኒያ ገጠር የገዛነው መሬት ላይ፣ ከጎተራው ጀርባ 12 በ12 ሜትር የሆነ ኮንክሪት አለ። የቀድሞው ባለቤት አር44 የምትባለውን ትንሽ ሄሊኮፕተር ያሳርፍበት ነበር። አሁን ማረፊያነቱን የሚያሳየው የ«ኤች» ፊደል የድንጋይ ሽበት አውጥቷል፤ ከነፋስ ጠቋሚው የቀረው ምሰሶው ብቻ ነው። ሄሊኮፕተር ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ተመሳሳይ መሬት የገዛችሁ ሁሉ ስትጠይቁኝ ከረማችሁ፤ እስቲ አንድ ላይ ልመልስ።

እኔ ሄሊኮፕተር የለኝም። ዝም ብዬ ብተወውስ?

አንተ ዝም ብትልም መዝገቡ ዝም አይልም። ማረፊያው በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መዝገብ ላይ ካለ፣ ተዘግቷል እስካላልክ ድረስ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ሞተሩ ያስቸገረው አብራሪ ያንን አምኖ ሊመጣ ይችላል፤ የሚጠብቀው ግን ያንተ የሳር ክምር ነው። መዝጋቱ ቀላል ነው፤ ደብዳቤ ይበቃል። የመሣሪያ አቀራረብ፣ ማለትም አብራሪው ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ እየተመራ የሚጠጋበት መስመር፣ የተሠራለት ማረፊያ ከሆነ 30 ቀን አስቀድመህ ታሳውቃለህ፤ የእርሻ ቤት ማረፊያ ደግሞ ያ አይኖረውም ማለት ይቻላል።

ፊደሉንስ ላጥፋው?

ምልክቱን በሙሉ ማጥፋት ነው። ካልተቻለ በ«ኤች»ው ላይ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ቢጫ ኤክስ ይቀባል። መጀመሪያ ሽበቱን እጠቡት፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። እኔ ቸኩዬ በእርጥቡ ቀብቼው በሁለት ወር ተላጠ።

ወንድሜ፣ እኛ እንደገና ልንከፍተው ነው ያሰብነው። ምን ያስፈልጋል?

ከመጀመራችሁ 90 ቀን በፊት ለአቪዬሽን አስተዳደሩ በቅጽ 7480-1 ማሳወቅ። ከ30 ተከታታይ ቀን ላነሰ ጊዜ፣ በቀን ከ10 በረራ ሳይበልጥና በእይታ በረራ (አብራሪው ውጭውን በዓይኑ እያየ) ብቻ ከሆነ ይህ አያስፈልግም። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ፌዴራሉ የሚያየው አየሩን ነው፤ መሬቱን የሚያየው ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ነው። የቀድሞው ባለቤት ከዞን ሕጉ (መሬት ለምን እንደሚውል ከሚወስነው) በፊት ጀምሮ ሲጠቀምበት ስለነበር ተፈቅዶለት ከነበረ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሥራ ከፈታ ያ መብት ይቀራል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካውንቲው ዞን ክፍል ሂዱ።

ቀጥሎ ዛፉ ነው። ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳል ብለን እናስባለን፤ ግን ጤነኛ አነሳስ ወደፊት እየሄዱ ነው። የአቪዬሽን አስተዳደሩ መመሪያ 8 ሜትር በራቁ ቁጥር 1 ሜትር ከፍታ ብቻ ይፈቅዳል። ከማረፊያው ጠርዝ 80 ሜትር ርቆ የቆመ ዛፍ በመውጫው አቅጣጫ ካለ ከ10 ሜትር መብለጥ የለበትም። የእኔ የዋልነት ዛፍ 17 ሜትር ደርሷል። ባለቤቱ ሲበርር ችግኝ ነበር መሰለኝ።

እናቴ ኮንክሪቱን እንደ አውድማ አይታው በርበሬ ላስጣበት አለች። ችግር አለው?

እማማን ይቅርታ ጠይቁልኝ፣ ግን አይሆንም። አር44 የሚነዳው በአውሮፕላን ቤንዚን ነው፤ የተለመደው ዓይነት ሰማያዊና እርሳስ ያለበት ነው። የፈሰሰው ቤንዚን ይተናል፣ እርሳሱ ግን ይቀራል። ነዳጅ ይቀዳበት የነበረውን ጥግ ለዩ፤ አጠገቡ ጎመን ከመትከላችሁ በፊትም አፈሩን አስመርምሩ። እማማ በርበሬዋን ሸራ ላይ ታስጣ።

ልጅ ታሞ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ቢመጣ ይጠቅመናል?

ለእነሱ መዝገብ አያስፈልግም፤ 30 በ30 ሜትር ገደማ ክፍት ሜዳ በቂያቸው ነው። በላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ግን ለ911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) መጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን፤ ከላይ ሆኖ ሽቦ አይታይም። ወደ አብራሪው ባትሪ አታብሩ፣ በጭራው በኩል ማንም እንዳይቀርብ፣ ቆርቆሮና ሸራውን ሰብስቡ።

ኮንክሪቱን ላፍርሰው?

ለምን? እኔ ትራክተሬን አቆምበታለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ የሌለበት ብቸኛው ቦታ ነው።