እናቴ ዋርፋሪን እየወሰደች እንቅርቷ ላይ መርፌ ቢገባ ደሙ ይቆማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ እንቅርት ከድሮም አለባት፣ አሁን አልትራሳውንድ ስትታይ አንዷ እብጠት አጠራጣሪ ናት ተባለና ኤፍ ኤን ኤ (በቀጭን መርፌ ከእብጠቷ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ) አዘዙላት። ችግሩ የልብ ቫልቭ በብረት ተቀይሮላት ዋርፋሪን ትወስዳለች። አንዲት ጎረቤታችን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አንገቱን ከተወጋ ደሙ አይቆምም ብላ አስፈራራቻትና ከትናንት ጀምሮ ኪኒኑን አቁማለች። መርፌውን ትተወው እንዴ? ከደሴ

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ የኪኒኑን ነገር እንጨርስ፣ ምክንያቱም እኔን ያስደነገጠኝ መርፌው ሳይሆን እሱ ነው። የብረት ቫልቭ ያላት ሰው ዋርፋሪን በራሷ ካቆመች ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ከዛ ወይ ቫልቩን ይዘጋዋል ወይ ወደ ጭንቅላት ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ የልብ ክትትል የምታደርግበት ቦታ ውሰዷት ወይ ደውሉ፣ መቼ እንዳቆመች ንገሯቸው፣ የዘለለችውን ላካክስ ብላ ደግሞ ደርባ እንዳትውጥ።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ ጎረቤታችሁ ያለችው ከነጭራሹ ውሸት አይደለም፣ ታይሮይድ (እንቅርት የሚባለው ሲያብጥ ነው) ደም ስር የበዛበት እጢ ነው፣ አንገት ውስጥ ብዙ ደም ከፈሰሰ ደግሞ የአየር ቧንቧን ሊጫን ይችላል። ግን ይሄ በጣም በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው። የኤፍ ኤን ኤ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 27 ቁጥር ነው (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መርፌው ይቀጥናል)፣ ላብራቶሪ ደም ከሚቀዱበት የተለመደው 21 ቁጥር እንኳን የቀጠነ ማለት ነው። በብዛት የሚታየው ትንሽ መበለዝና ለቀናት የተወጋው ቦታ ማመም ነው። ወፍራሙ የኮር ባዮፕሲ (ቁራጭ ሥጋ የሚወሰድበት ምርመራ) መርፌ ሌላ ነው፣ የታዘዘላት የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ዋርፋሪን ስለወሰደች ብቻ አይከለከልም፣ አይ ኤን አሯ (ዋርፋሪኑ ደሟን ምን ያህል እንዳቀጠነው የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከተፈቀደላት ልክ ካልወጣ ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱን ሳያስቆሙ ይሰሩታል። ውሳኔው የልብ ሐኪሟና የሚወጋት ሐኪም ነው፣ ስለዚህ የቅርብ ቀን አይ ኤን አር ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደ አስፕሪን ወይ ክሎፒዶግሬል ያለ ሌላ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነም ተናገሩ፣ እና ከተቻለ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሰራላት፣ መርፌው ደም ስሩን ሸሽቶ እንዲገባ ይረዳል። መርፌው ውስጥ እያለ እንዳትውጥ፣ እንዳታወራ፣ እንዳታስል፣ ማሳል ከመጣባት በእጇ ምልክት ትስጥ።

ሲያልቅ ቦታውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው፣ ደሙ ቆመ ወይ እያሉ በየሰከንዱ ጥጡን ማንሳት የለም። ከዛ ቶሎ ተነስታችሁ ታክሲ አትያዙ፣ እዛው ቆይታችሁ አንገቷን አሳዩና ሂዱ፣ ያን ቀን ማታም ብቻዋን ባታድር ጥሩ ነው። አንገቷ ቶሎ ቶሎ እያበጠ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይ ስትተነፍስ ድምፅ ካሰማት፣ መዋጥ ካቃታት፣ ድምጿ ከተቀየረ፣ እስከ ነገ እንየው አይባልም፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ለህመሙ ፓራሲታሞል በቂ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን እንዳትገዙላት፣ ከዋርፋሪን ጋር መድማትን ያባብሳሉ (ይሄ ከመርፌውም በፊት ከመርፌውም በኋላ ነው፣ ለጉልበቷም ቢሆን)። ናሙናው ላይ ደም በዝቶ ውጤቱ አልታወቀም ከተባላችሁም አትደንግጡ፣ ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ይደገማል።