አባባን ለአርባቸው እንዴት እንጻፋቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ በቅርቡ አረፉ። ቤት ውስጥ አባባ ነበር የምንላቸው። ኮሪያ ዘምተዋል። ከዘመቻ ተመልሰው ጥቂት ዓመት ካገለገሉ በኋላ መንዝ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ያለፈው በመንዝ ደጋ የሣር መሬት፣ ጓሳ ላይ ነው። ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ አንዳንዴም እዚያው ያድራሉ። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው ታሪክ ግማሽ ገጽ ነበር፤ እሱም ኮሪያና ሜዳሊያ ብቻ። አሁን ለአርባቸው በደንብ ጻፊ ተብያለሁ። ዕድሜያቸውን እንኳ በትክክል የሚያውቅ የለም። የዘመቻ ወረቀታቸው አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። ከየት ልጀምር?
የልጅ ልጃቸው፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

መጀመሪያ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ፣ በለቅሶው ላይ ሙሾ ያወረዱትን እናቶች ፈልጊ። በእኛ አገር የሰው ታሪክ ቀድሞ የሚነገረው በለቅሶ ግጥም ነው። የት እንደዘመቱ፣ ማንን እንዳስታረቁ፣ በየትኛው ገደል ሌሊት እንደወረዱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ቤታቸው ሂጂ፣ ቡና ይፈላ፣ ስልክሽን መቅጃው ላይ አድርጊና «እማማ፣ ለአባባ ያሉትን ይድገሙልኝ» በያቸው። ቀኑ ከገፋ ግጥሙ ከሌላ ሰው ለቅሶ ጋር ይቀላቀልባቸዋል።

ዕድሜያቸውን በቁጥር አትጠይቂ፣ በነገር ጠይቂ። ጣሊያን ሲገባ፣ በ1928 ማለት ነው፣ አባባ ምን ያደርጉ ነበር? «በግ ይጠብቁ ነበር» ካሉሽ ያኔ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ስለዚህ የተወለዱት 1921 ወይም 1922 ግድም ነው። «ገና እናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ» ካሉሽ ሂሳቡ ይለወጣል። ከዚያ በ1933 ጣሊያን ሲወጣ ስላዩት ነገር ይነግሯችሁ እንደነበር ጠይቂና ሁለቱን አስተያዪ። «በ1921 ዓ.ም. ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። ወርና ቀን ፈጥሮ መለጠፍ ግን በሟች ላይ መዋሸት ነው። ሌላም ልብ በይ፦ ሜዳሊያቸው ላይ ወይም በውጭ አገር ወረቀት ላይ 1951 የሚል ካየሽ ያ የፈረንጅ ዓመት ነው፣ የእኛ 1943 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ከሆነ ደግሞ 1944። በዚህ የተሳሳተ ስንት የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምቻለሁ።

ኮሪያን በተመለከተ አንዷን ጥያቄ ብቻ አጥብቀሽ ያዣት፦ ስንተኛው ቃኘው (ኮሪያ የዘመተው ሻለቃችን) ውስጥ ነበሩ? አንደኛው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ተነሳ፤ በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ፑሳን። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ሄደ። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነበር። ይህን ካወቅሽ ውጊያ ላይ ነበሩ ወይስ ሰላም ሲያስከብሩ የሚለው ይለያል። ስሙ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የመጣ መሆኑን ለልጆቹ ጨምሪላቸው። ከዘማቾቹ ከ120 በላይ እዚያው ወድቀው ቀርተዋል፣ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። የዘማቾቹ ማኅበር አዲስ አበባ ነው፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይሂድና ስማቸውን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አባባ ኮሪያ የቆዩት ቢበዛ አንድ ሁለት ዓመት ነው። ጓሳ ላይ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ኖረዋል! ታዲያ ግማሹን ገጽ ኮሪያ ከያዘው ሌላው ሰውዬ የት ሄደ?

እኔም በዚህ ነገር ቆስያለሁ። የእኔ አያት ሲያርፉ ማዕረጋቸው ተነበበ፣ አለቀስን፣ ተበተንን። ዛሬ እሳቸው የሚጠጡበትን ምንጭ የሚያሳየኝ ሰው የለም። ስሙንም የሚያውቅ የለም።

አባባ የቄሮን ሥርዓት፣ የጥንቱን የጓሳ ጥበቃ ደንብ፣ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ጓሳው በጥንቶቹ አቅኚ አባቶች በአስቦና በጌራ ልጆች ተጠብቆ፣ በሕዝብ የተመረጠ አለቃ ኖሮት፣ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ የሚከፈትበትን ዘመን። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጊዜ ፈረሰ። በአጨዳው ሲከፈት ስንት ሸክም ያመጡ ነበር? የቤታቸው ክዳን በዚያው ሣር ነበር? ጌሳውን፣ ከሣር የሚሠራውን የዝናብ ልብስ፣ ማን ሠራላቸው? አዋጁ የወጣ ጊዜ ምን አሉ? ታላላቆችሽ ይህን ያስታውሳሉ፣ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያሉት።

እረኞቹንም አትርሺ። ከታሪክ ጸሐፊ ይልቅ አብሯቸው የዋለ የአሥራ አምስት ዓመት እረኛ ይበልጥብሻል። አንድ ቀን አስቀድመሽ ተነሺና በእሳቸው መንገድ ይምራሽ። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አባባ የት ይቀመጡ ነበር? ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታደባ የሚያዩት ከየትኛው ድንጋይ ላይ ነው? (ይቺ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፣ በአገር ውስጥም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ አባባ ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤቷ ነበሩ።) ጉም ሲወርድባቸው የት ይጠለሉ ነበር? የገደሉን፣ የምንጩን፣ የዋሻውን ስም እረኛው እንደሚጠራው አድርገሽ ጻፊ። ካርታ ላይ አታገኚውም።

ስትጽፊ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብለሽ አትጀምሪ። ሽማግሌዎቹ ይቆጡ ይሆናል፣ መንዝ ላይ ትውልድ መቁጠር ክብር ነውና። እሱን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሙሉውን፣ እስከ ሰባት ቤት አስገቢላቸው። መጀመሪያው ግን አንድ ጠዋት ይሁን፦ በርኖሱን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በሩን ቀስ ብለው ሲዘጉ። የአርባው ዕለትም ከፎቷቸው አጠገብ ሜዳሊያው ብቻ አይቀመጥ፣ ዱላውና ጌሳው አብረው ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ በኦጋዴን ጦርነት ካራማራ ድረስ ተዋግተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን አሁንም በሕይወት አሉ። ግን ስለ ጦርነቱ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ምን ላድርግ?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄውን ተወው። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ስልክ ደቅነህ «ካራማራ እንዴት ነበር» ስትላቸው 1970 ላይ ያጧቸው ጓደኞቻቸው ሁሉ ባንዴ ይመጡባቸዋል። ይልቅ አብረሃቸው ውጣ። እየተራመዱ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ የቆዩ ሰዎች አፋቸው ይፈታል። ከዛፉ፣ ከመንገዱ፣ በልጅነታቸው ከብት ካገዱበት ጀምር። ካላወሩም ተዋቸው፣ ዝም ብላችሁ ተመለሱ፣ በሳምንቱ እንደገና ውጡ። ዳገቱ ጉልበታቸውን እንዳይጎዳው ጣርማ በር ዋሻው ድረስ በመኪና ሂዱና ከዚያ ሜዳ ሜዳውን ዝግ ብላችሁ ተራመዱ። ዳቦ ቆሎ ያዝ። ጉሙ ብርቱ ነው፣ ጋቢያቸውን እንዳትረሳ።