«60 በመቶ» ማለት ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ከሳንባቸው ናሙና ተወስዶ «ስሞል ሴል ያልሆነ የሳንባ ካንሰር» ተባለ። ወረቀቱ ላይ «ፒዲ-ኤል1፦ 60 በመቶ» ይላል። የደም ምርመራው ደግሞ ሲኢኤ 14 ነው። ወንድሜ «60 በመቶው ሰውነታቸው ተይዟል» ብሎ ሲያለቅስ አደረ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ለወንድምዎ ይንገሩት፤ እንደዚያ ማለት አይደለም።

ፒዲ-ኤል1 አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላያቸው ላይ የሚለብሱት ፕሮቲን ነው። ካንሰርን የሚያጠቁት ነጭ የደም ሴሎቻችን ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን አላቸው። ካንሰሩ በዚህ ፕሮቲን ፍሬኑን ይይዝባቸዋል። ጠላት ፊታቸው ቆሞ አይነኩትም። ፍሬኑን በ1992 ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ ፍሬኑን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች የመጡት ከዚህ ግኝት ነው።

60 በመቶ ማለት በማይክሮስኮፕ ከታዩት የካንሰር ሴሎች ከመቶው 60ው ፕሮቲኑን ለብሰዋል ማለት ነው። የት ደረሰ የሚለውን የሚነግረን ሲቲ ስካንና መሰል ምርመራ ነው። እንዲያውም በሽታው ከሳንባ አልፎ ቢሆን፣ ቁጥሩ 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፍሬኑን ከሚያስለቅቁት መድኃኒቶች አንዱን፣ ፔምብሮሊዙማብን፣ ያለ ኬሞ መስጠት ይቻላል። ከ50 በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከኬሞ ጋር ይሰጣል።

ግን አይቸኩሉ። በቅድሚያ ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ የሚባሉትን የካንሰሩን ጂኖች ምርመራ ይጠይቁ። በተለይ አባትዎ አጭሰው የማያውቁ ከሆነ። የኢጂኤፍአር ለውጥ ከተገኘ ኦሲመርቲኒብ የሚባል ኪኒን ሊቀድም ይችላል። ፔምብሮሊዙማብ ከተወሰደ በኋላ ኪኒኑ ሲከተል ከባድ የሳንባ ብግነት ሊያመጣ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። አባትዎ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት፣ እንደ ሉፐስ ወይም የመገጣጠሚያ ብግነት ዓይነት በሽታ ካለባቸውም፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሊባባስ ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪማቸው ይናገሩ።

ሲኢኤን በተመለከተ፣ በደም ውስጥ የሚለካ ሌላ ፕሮቲን ነው። በአጫሾች፣ በጉበት ሕመምና በሌሎች ካንሰሮችም ይጨምራል። ስለዚህ ብቻውን «ካንሰር አለ» ወይም «የለም» አያሰኝም። ጤነኛ ሰው ለካንሰር ፍተሻ ብሎ ገንዘቡን ሲከፍልበት ሳይ አዝናለሁ። ለአባትዎ ግን ለክትትል ይጠቅማል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን 14 ይያዙት። በየጊዜው በዚያው ላብራቶሪ ይለካ። ከወረደ ደስ ይላል፤ አንዴ ወጣ ብሎ ግን መድኃኒት አይቀየርም፣ ሲቲውም መታየት አለበት።

በቀጣዩ ቀጠሮ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የቀረው ናሙና ለጂን ምርመራው ይበቃል? ካልበቃ አንዳንዴ ከደም መሥራት ይቻላል።