በድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ፦ ልጠብቅ ወይስ ልታከም?

ለተከበሩ ዶክተር፤

በደብረ ብርሃን የምኖር የ54 ዓመት መምህርት ነኝ፤ የስኳር ሕመምም አለብኝ። ባለፈው እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ቀኝ ጆሮዬ መስማት አቁሞ ነበር፤ ባያመኝም ያለማቋረጥ ይጮኽብኛል። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ሰጡኝ፣ ጎረቤቶቼም «ኩክ ደፍኖት ነው፣ ሲቆይ ይለቅሻል» ይሉኛል። አንድ የጤና ባለሙያ ግን ስቴሮይድ የተባለ እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት ሊያስፈልገኝ እንደሚችል ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ስኳሬን ከፍ እንዳያደርግብኝ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መ. ነኝ

የተከበሩ መምህርት፤

እባክዎ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። በሰዓታት ወይም ቢበዛ በ3 ቀናት ውስጥ የሚከሰት የመስማት መጥፋት ብዙውን ጊዜ ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል የሚመጣ ሲሆን፣ ያለ ሕክምና የሚሻላቸው ሰዎች ቢኖሩም እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻልና ስቴሮይድም ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በመሆኑ፣ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ያሳስበኛል።

ሐኪሙ ጆሮዎን አይቶ ኩክ ካለ ያወጣል፤ ቀጥሎም ሹካ መሰል ብረት አስጩሆ ግንባርዎ ላይ ያሳርፋል። ችግሩ መደፈን ከሆነ ድምፁ በታመመው ጆሮ ጎልቶ ይሰማል፤ የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቭ ከሆነ ግን ወደ ጤነኛው ያደላል። ይህንንም የመስማት ችሎታ መለኪያው ምርመራ ያረጋግጠዋል።

ስለ ስኳርዎ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በእንክብል ሲወሰድ መጠኑ በቀን እስከ 60 ሚሊግራም ስለሚደርስ የደም ስኳርን በእርግጥ ከፍ ያደርጋል። ሆኖም ሌላ መንገድ አለ፦ ሐኪሙ የጆሮዎን ታምቡር አደንዝዞ በቀጭን መርፌ ስቴሮይዱን ወደ መካከለኛው ጆሮ ያስገባል፣ እርስዎም መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ጥቂት ጊዜ በጎንዎ ተኝተው ይቆያሉ። ወደ ደም የሚገባው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ለስኳር ሕመምተኛ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። እንክብል ወስደው ላልተሻላቸው ሰዎችም ሕመሙ ከጀመረ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞከራል። ከፍተኛ የአየር ግፊት ባለው ልዩ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኦክስጅን ከስቴሮይድ ጋር ተጨማሪ አማራጭ ቢሆንም የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። የጆሮ ጠብታና ፀረ ባክቴሪያ ግን ለዚህ ሕመም አይረዱም። በመስማት ነርቭ ላይ ዕጢ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ኤምአርአይ የተባለ የምስል ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ ይህ ግን ሕክምናውን ሊያዘገይ አይገባም።

ፊትዎ ከጣመመ፣ አንደበትዎ ከተሳሰረ ወይም እጅና እግርዎ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ካልሆነም የሚወስዷቸውን የስኳር መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱና ስኳር እንዳለብዎ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።