ቅጠሉ የደጋ ነው የወይና ደጋ?

ውጭ ያላችሁ ወገኖች ለእረፍት ሐዋሳ ስትመጡ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «በሶብላ እኛ ጋ ይበቅላል ወይ?» ትላላችሁ። እኔም ለረጅም ጊዜ ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ነኝና ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ስለምትኖሩበት አገር ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ቅጠሉ ጠይቁ። የደጋ ነው የወይና ደጋ?

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሶብላ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ጓሯችን ውስጥ ብዙ ሳያስቸግሩ ያድጋሉ። ጦስኝ ግን የባሌና የመንዝ ብርድ ያሳደገው ስለሆነ የኛ ሙቀት አይመቸውም። እዚህ ላይ ብርድ አገር ያላችሁ ትበልጡናላችሁ። እዚያ በየችግኝ መሸጫው የምታገኙት የፈረንጅ ጦስኝም የቅርብ ዘመዱ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ከሰጣችሁት ውጭ ይከርማል።

በሶብላ ውርጭ አይችልም፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ውርጭ ሊያልፍ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ቤት ውስጥ ዝሩት። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው። እርጥብ አፈር ላይ በትኑት፣ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ አፈር እንደ ነገሩ ነስንሱበት፣ በቃ። ውሃ ካፈሰሳችሁበት ዘሩ አንድ ጥግ ይከማቻል፤ በመርጫ አርጥቡት። ወደ ውጭ የሚወጣው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያቆም ነው።

የፈረንጆቹ ምክር አበባውን ቶሎ ቶሎ ቁረጡ ይላል። ለነሱ ልክ ነው፣ የሚፈልጉት ለጋ ቅጠል ነው። እኛ ለበርበሬና ለሽሮ የምንፈልገው ግን አበባውን ከነዘሩ ነው! ገና ለጋ ሳለ ጫፉን አንዴ ሁለቴ ቀንጥቡት፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ከዚያ ተዉት ያብብ። የአበባው ዘለላ ከታች በኩል መጠውለግ ሲጀምር ከነግንዱ ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፣ ከሥሩ ነጠላ አንጥፉ። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው ይጠፋል።

ኮሰረት በፖት ተተክሎ ለዊንተር ቤት ይግባ። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን ለምዷል፤ ስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ካላደገ አትጨነቁ፣ እያረፈ ነው። ውሃ ቀንሱለት። ቤት የገባ ተክልን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የባለቤቱ ርኅራኄ ነው፤ ውሃ በዝቶበት ሥሩ ይበሰብሳል።

ዱባይና ሪያድ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች የቀን መቁጠሪያው ይገለበጣል። ሰመራችሁ በረሃ ነው፣ ዊንተራችሁ ወይና ደጋ። ድንብላል በግንቦት ከዘራችሁ ቅጠል ሳትበሉ አበባ ይዞ ይመዘዛል። በጥቅምት ዝሩት። ቤሩት ያላችሁ ደግሞ ጤና አዳም ፈልጉ፤ ተክሉ የሜዲትራኒያን ተወላጅም ነው፣ በረንዳ ላይ በደስታ ይኖራል።

ጤና አዳምን ስትቆርጡ ግን ጓንት አድርጉ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቆጣል፣ ውኃ ቋጥሮም ያብጣል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከቡናውም ቢሆን ይቅርባችሁ።

ስለ ዘር አደራ የምላችሁ አለኝ። ሻንጣ ውስጥ ሸጉጣችሁ አትሂዱ። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በእጅ ለተያዘ ዘርም የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠይቃል። አሜሪካም ዘር ያለ ወረቀት አታስገባም። ችግኝ ከነአፈሩ ማሰብ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ቀላሉ መንገድ እዚያው ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ላይ ጠይቁ፣ በሶብላ የሚያበቅሉ እናት አይጠፉም። አንድ ዘለላ የደረቀ አበባ ለጓሯችሁ የሚበቃ ዘር ይዟል።