መጀመሪያ ዘፈኑን፣ ከዛ ማጫወቻውን
የጥገና ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አሮጌ ሙዚቃ ማጫወቻ ስለሆኑ አንድ ላይ አደረግኳቸው። ሰዉ ሁሉ ስልክ ይዞም አይፖዱንና ዎክማኑን አልጣለም ማለት ነው፣ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ የሰጠኝ አይፖድ ክላሲክ አለኝ። ለዓመታት ሳልነካው ቆይቼ አሁን ስከፍተው የፖም ምልክቱ ይመጣና ውስጡ ቲክ ቲክ ብሎ ይጠፋል። አንድ ጥገና ቤት ብወስደው «ሪስቶር ካደረግነው ይነሳል» አሉኝ። ውስጡ ግን የሰርጌ ዘፈኖችና ሌላ ቦታ የማላገኛቸው አሉ። ላስደርገው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አሁን እንዳታስደርጊው። ሪስቶር ከተደረገ ውስጡ ያለው ዘፈን በሙሉ ይጠፋል፣ ማጫወቻው ቢነሳ እንኳን ባዶውን ነው የሚነሳው። አንቺ የምትፈልጊው ደሞ ዘፈኑን ነው አይደል።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ አይፖድ ክላሲክ ውስጥ ያለው እንደ ኮምፒውተር የሚሽከረከር 1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነው፣ አፕል ከመጀመሪያው የ2001 አይፖድ ጀምሮ ክላሲክን በ2014 (እ.ኤ.አ.) እስካቆመበት ድረስ ለትልልቆቹ አይፖዶቹ እንደዚህ ዓይነት ዲስክ ነው የተጠቀመው። ቲክ ቲክ ሲል ብዙ ጊዜ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ግን ሁሌ አይደለም! ዲስኩ ለመነሳት ጥሩ ጉልበት ይፈልጋል፣ ዓመታት የተኛ ባትሪ ደሞ ያን ጉልበት አይሰጥም፣ ስለዚ ለመሽከርከር ይሞክርና ይወድቃል፣ ድምፁም ያው ነው። መጀመሪያ በደህና ቻርጀር ሰክተሽ ጥቂት ሰዓት ተይው፣ ዝም ብለሽ እያበራሽ እያጠፋሽ አትፈትኚው፣ ዲስኩ የእውነት ታሞ ከሆነ በከፈትሽው ቁጥር ዕድሜውን እየቀነስሽ ነው።

ከዛ ኮምፒውተር አዘጋጅተሽ ሜኑንና የመሃሏን ቁልፍ አንድ ላይ እስኪጠፋና ፖሟ እስክትመጣ ድረስ ያዢ፣ ፖሟ እንደመጣች ወዲያው ለቀሽ የመሃሏንና የፕለይ ቁልፉን አንድ ላይ ያዢ። ዲስክ ሞድ ይገባል፣ ያኔ በገመዱ ስትሰኪው ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ያየዋል። አይቲዩንስ (የአፕል ዘፈን መጫኛ ፕሮግራም) «ልሰርዝና ላመሳስል» ብሎ ከጠየቀሽ እምቢ በይው፣ ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚያጣው እዚች ጋ ነው። ዘፈኖቹ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆኑ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ከፍተሽ አይፖድ ኮንትሮል፣ ከዛ ሚዩዚክ ውስጥ ግቢ። ስማቸው በአራት አራት ፊደል የተዘበራረቀ ሆኖ ታገኚያቸዋለሽ፣ አትደንግጪ፣ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ፋይሉ ውስጥ ስላለ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ስትከፍቻቸው መልሶ ያወጣዋል። ፎልደሩን ሙሉውን ገልብጪ። አልገለበጥ ካለ ፋይል ጋር አትታገዪ፣ ዝለዪውና የቀረውን ውሰጂ። (አይፖዱ ድሮ ማክ ላይ የተዘጋጀ ከሆነ ዊንዶውስ አያነበውም፣ ፎርማት ላድርገው ሲልሽ ሰርዢና ማክ ያለው ሰው ፈልጊ።)

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ስለ ጥገናው ማውራት ይቻላል። ዲስኩ በሚሞሪ ካርድ መቀየሪያ ሊተካ ይችላል፣ የሚሽከረከር ነገር ስለማይኖረው ባትሪውም ይቆያል፣ ዕቃው ግን ከውጭ የሚታዘዝ ነው። የሚከፍተውን ሰው «ከዚህ በፊት ከፍተህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ምክንያቱም ኋላው በጥርስ የተያያዘ ስስ ብረት ስለሆነ በካቻቢቴ ከተፈለቀቀ ይጣመማል፣ በድንገት ከተከፈተ ደሞ የኢርፎኑ ስስ ሪባን ይበጠሳል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ድሮ ከጅቡቲ ያመጣሁት ሶኒ ዎክማን ሞተሩ ሲዞር ይሰማል፣ ካሴቱ ግን አይንቀሳቀስም፣ አንዳንዴ ቢንቀሳቀስም ድምፁ ይጎተታል። ልጆቹ ጣለው ይሉኛል።

መልስ፦ አባባ እንዳይጥሉት። ዎክማን በ1979 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣም በኋላም ብዙዎቹ ሞተሩን ከካሴት ማዞሪያው ጋር የሚያገናኙት በቀጭን ላስቲክ ነው፣ ላስቲኩ በዓመታትና በድሬ ሙቀት ወይ ይለጠጣል ወይ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። እርስዎ የነገሩኝ ምልክት የላስቲክ ነው። የሚጠግነው ልጅ የቀለጠውን በወረንጦና አልኮል በነካ ጥጥ ጥርግ አድርጎ ያውጣው፣ ትንሽ እንኳን ከቀረ አዲሱ ላስቲክ ይንሸራተታል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ላድርግልህ ካለ እምቢ ይበሉ፣ ይዞራል ግን ዘፈኑ ይንቀጠቀጣል። ልኩ ከድሮው የተለጠጠ ላስቲክ ትንሽ ጠበብ ያለ መሆን አለበት። ባትሪ ቤቱን ከፍተው ነጭ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ከአልካላይን ባትሪ የፈሰሰ ነው፣ በትንሽ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ተጠርጎ ከዛ በአልኮል ይጸዳ። ሲያልቅም ቶሎ የሚወዱትን ካሴት እንዳያስገቡ፣ መጀመሪያ ቢጠፋም የማይቆጭዎትን ያስገቡ፣ ምክንያቱም ማዞሪያው ጎማ ከቆሸሸ ካሴት ይበላል።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ ወንድሜ፣ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፍቻለሁ። ሰሞኑን አንዱ ደንበኛ «ሚሞሪዬን ቀየርክብኝ» ብሎ ተጣላኝ፣ ወላሂ አልነካሁትም። ሌላዋ ደሞ ዘፈን ጫንልኝ ስትለኝ ሊጠገን ከመጣ ማጫወቻ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት። ጥፋት ነው እንዴ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ላይ አብሽር፣ መፍትሄ አለው። ዕቃ ስትቀበል ሰውዬው ቆሞ እያለ አብራው፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን ሁለታችሁም እዩ፣ ደብተር ላይ ጻፍ፦ ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ጭረት፣ ሚሞሪው ስንት ጊጋ እንደሆነ። ሚሞሪው ለጥገናው ካላስፈለገህ እዛው አውጥተህ በእጁ ስጠው። የቀየርከውን አሮጌ ባትሪ ወይ ጃክም (የኢርፎን መሰኪያውን) አሳየው፣ ሰው አሮጌውን ዕቃ ሲያይ ልቡ ያርፋል። ዋጋውን ደሞ ሳትከፍተው ንገር፣ ከፍተህ ሌላ ችግር ካገኘህ ደውለህ ጠይቅ እንጂ ሠርተህ አትጠብቀው። አንድ ጆሮ አይሰማም ብሎ የመጣ ሰው ካለ ቦርድ ከመንካትህ በፊት በሌላ ኢርፎን ሞክር፣ ከዛ ጃኩ ቀዳዳ ውስጥ በእጅ ባትሪ አብርተህ እይ፣ ከኪስ የገባ ብናኝ ታች ተጠቅጥቆ ኢርፎኑን እስከ መጨረሻ እንዳይገባ ያደርገዋል። ማጫወቻውን አጥፍተህ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብለህ ታወጣዋለህ። ብናኝ ለማውጣት የቦርድ ሥራ ዋጋ መጠየቅ አይገባም።

ሁለተኛው ግን አዎ፣ ጥፋት ነው፣ ሳላለሳልስ ልንገርህ። ማጫወቻ ውስጥ ያለው የገበያ ዘፈን ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ ኤምፒስሪዎች ድምፅ መቅጃ አላቸው፣ ሰው የሴት አያቱን መንዙማ፣ የልጁን የመጀመሪያ ቃል፣ ከሞተ ወዳጅ ጋር ያወራውን ቀድቶባቸዋል። አንተ ዘፈን ብለህ ፎልደሩን በሙሉ ስትገለብጥ ያም አብሮ ይሄዳል፣ ጀጎል ውስጥ ደሞ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፣ የአንዱ ቤት ድምፅ ሌላው ቤት በርጫ ላይ ሲከፈት አስበው። ለጥገና ብለህ ኮምፒውተርህ ላይ ካስቀመጥክ ባለቤቱ ዕቃውን ወስዶ ሁሉም እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ እፊቱ አጥፋው። ለልጅቷ የሰጠሃትንም ነገር ለባለቤቱ ንገረው፣ እሷንም አጥፊልኝ በላት። ይከብዳል፣ ግን ካንተ ሳይሆን ከሰው ቢሰማ ይብሳል።

ጥያቄ (ከቀፊራ)፦ የልጄ ትንሽ ማጫወቻ ስክሪኑ ከፍ ከፍ ብሏል፣ ግን ይሠራል። ቻርጅ ማድረግ እንቀጥል?

መልስ፦ ኧረ አቦ ዛሬውኑ አቁሙ። ስክሪኑን የገፋው ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ነው። አትጫኑት፣ በመርፌ አትብሱት፣ እሳት ውስጥም አትጣሉት። አጥፍታችሁ ከፀሐይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀትና ከሚነድ ነገር ራቅ አድርጋችሁ፣ ልጁም እማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና ባትሪ መቀየር ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት። አዲሱ ባትሪ 3.7 ቮልት የሚል መሆኑን፣ መጠኑም ሳይጨናነቅ የሚገባ መሆኑን እዩ፣ የሚጠግነው ሰው ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ እንዳያገላብጥ ጥንቃቄ ያድርግ። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓቱ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ የአዲሱን ባትሪ ቻርጅ ማታ ቀዝቀዝ ሲል አድርጉለት፣ ትራስ ስርም አይደለም።